በክፍል በር ላይ የሚመዘን መሣሪያ፦ ሥራ ለበዛበት መምህር የዲጂታል መሣሪያዎች ንጽጽር

ደወል ተደውሎ ከአንዱ ክፍል ወጥቼ ወደ ሌላው ስሄድ በኮሪደሩ ላይ ያለኝ ጊዜ አምስት ደቂቃ አይሞላም። በዚያች ጊዜ ውስጥ አንዲት ተማሪ ቀርባ፣ “መምህር፣ ሐሙስ የሐኪም ቀጠሮ አለኝ፤ ፈተናውን መቼ ልፈተን?” ትለኛለች። ሌላው ትናንት ያላስረከበውን ደብተር ያቀብለኛል። ምክትል ርእሰ መምህሩ በአጠገቤ ሲያልፉ፣ “የዓርቡ ስብሰባ ወደ ረቡዕ ተዛውሯል” ይሉኛል። አንዱ እጄ መጽሐፍና ጠመኔ ይዟል፤ በሌላው ደብተሩን ተቀብያለሁ። ቀጣዩን ክፍል አስተምሬ ስወጣ ከሦስቱ ጉዳዮች የማስታውሰው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱንም የማስታውሰው ደብተሩ በእጄ ስላለ ነው።

ሥራን በዲጂታል መሣሪያ ስለ ማደራጀት የሚሰጡ ምክሮች በአብዛኛው ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ለሚቀመጥ ሰው የታሰቡ ናቸው። መምህር ግን ቆሞ የሚውል ሰው ነው። ሊያስታውሰው የሚገባው ጉዳይ የሚመጣበት በክፍል በር ላይ፣ በደረጃ ላይ፣ በዕረፍት ሰዓት ሻይ ይዞ ሳለ ነው። ስለዚህ አንድን መተግበሪያ የምመዝነው ጠረጴዛ ላይ ሲታይ በሚያምረው ገጽታው አይደለም። ቆሜ፣ በአንድ እጅ፣ በአሥር ሰከንድ ውስጥ የሰማሁትን ላስገባበት እችላለሁ? ያስገባሁትስ በሚያስፈልገኝ ሰዓት ራሱ መጥቶ ያስታውሰኛል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች የማይመልስ መሣሪያ፣ የቱንም ያህል ቢወደስ፣ ለእኛ ሥራ አይሆንም።

መጀመሪያ የሚያመልጥዎትን ይወቁ

የመምህር ሥራ ተዘርዝሮ ሲታይ አራት ዓይነት ነገር ነው። ቀጠሮና ክፍለ ጊዜ አለ፤ ይህ የታወቀ ሰዓት አለው። መሠራት ያለበት ተግባር አለ፤ ይህ የማስረከቢያ ቀን እንጂ የተወሰነ ሰዓት የለውም። የተማሪ ውጤት አለ፤ ይህ ቁጥር ስለሆነ ስህተትን አይታገሥም። የማስተማሪያ ጽሑፍ ደግሞ ከዓመት ዓመት የሚሻገር ንብረት ነው። አራቱንም በአንድ ላይ እይዛለሁ የሚል መተግበሪያ ብዙ ጊዜ አንዱን በደንብ ይዞ ሦስቱን ያንጠለጥላል።

ስለዚህ ምንም ከማውረድዎ በፊት ለአንድ ሳምንት ያመለጠዎትን ነገር ብቻ በወረቀት ላይ ይመዝግቡ። ስብሰባ ረስተው ከሆነ ችግሩ የቀን መቁጠሪያ ነው። የታረመ ደብተር ሳይመለስ ከቆየ የተግባር ዝርዝር ያስፈልግዎታል። የባለፈው ዓመት ፈተና ከየት እንዳለ ጠፍቶዎት ሌሊቱን አዲስ ሲያወጡ ካደሩ፣ የሚያስፈልግዎ የፋይል ሥርዓት እንጂ ሌላ መተግበሪያ አይደለም። እኔ ይህን ሳላደርግ በአንድ ወር ውስጥ አምስት መተግበሪያ ሞክሬአለሁ። በወሩ መጨረሻ ማስታወሻዎቼ በአምስት ቦታ ተበትነው ነበር፤ ከዚያ በፊት ቢያንስ በአንድ ደብተር ውስጥ ነበሩ።

ቶሎ መያዣ፦ ወረቀት፣ ኪፕ ወይስ ቴሌግራም?

ወረቀትን በንቀት አልፌው መሄድ አልፈልግም። የኪስ ማስታወሻ ባትሪ አያልቅበትም፣ ሲከፈትም ጊዜ አይወስድም። ተማሪዎች ስልክ እንዳያወጡ በሚከለከሉበት ክፍል ውስጥ መምህሩ ስልኩን እየነካካ ሲታይ የሚፈጠረውን ስሜትም ያስቀራል። ጉድለቱ ሁለት ነው፦ ራሱ ደውሎ አያስታውስም፤ ከጠፋም ቅጂ የለውም።

ጉግል ኪፕ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ቀላል የማስታወሻ መተግበሪያ፣ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ሆኖ ያገኘሁት ነው። በስልኩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ማስቀመጥ ስለሚቻል በአንድ ንክኪ ይከፈታል፤ የሚመረጥ አቃፊ የለ፣ የሚሞላ ቅጽ የለ። ከሁሉም የምወደው ፎቶውን ነው። ክፍለ ጊዜው አልቆ ሰሌዳው ከመጥፋቱ በፊት አንድ ፎቶ አነሣለሁ። በማግስቱ “የት ነበር ያቆምነው?” ብዬ ተማሪዎችን አልጠይቅም፤ በየትኛው ክፍል የቱን ምሳሌ ሠርቼ የቱን እንዳስቀረሁ በዓይኔ አየዋለሁ። ያንኑ ትምህርት በአራት ክፍል ለሚያስተምር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በስልክዎ ላይ ተጭኖ የመጣ ሌላ የማስታወሻ መተግበሪያ ካለም ይኸንኑ ሥራ ይሠራል፤ ልዩነቱ በኮምፒውተርም መከፈት መቻሉ ላይ ነው።

ብዙ መምህራን የሚጠቀሙት ግን የቴሌግራምን “የተቀመጡ መልእክቶች” (Saved Messages)፣ ሰው ለራሱ መልእክት የሚልክበትን ገጽ፣ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ መተግበሪያው ቀድሞውኑ ክፍት ነው፣ ድምፅም ፎቶም ፋይልም ይቀበላል፣ በስልክና በኮምፒውተር እኩል ይታያል። የመላኪያውን ምልክት ተጭኖ በመያዝ ለራስ የማስታወሻ ሰዓት መሙላትም ይቻላል፤ ይህን የማያውቁ ብዙዎች ናቸው። ሆኖም እኔ ለተማሪ ጉዳይ አልጠቀምበትም። አንደኛው ምክንያት ቦታው እንደ ወራጅ ውኃ መሆኑ ነው፦ የዛሬው የትናንቱን እየሸፈነ ይሄዳል፣ ከየቻናሉ የተላለፈው ጽሑፍም ከሥራው ማስታወሻ ጋር ይቀላቀላል። ሁለተኛው ግን ይበልጥ ከባድ ነው። “የተቀመጡ መልእክቶች” ከወላጆች ቡድን በላይ ወይም በታች ተሰልፎ የሚገኝ መስመር ነው። ስለ አንድ ልጅ የቤት ሁኔታ የተጻፈ አጭር ማስታወሻ በጣት ስህተት ለስድሳ ወላጅ ሲደርስ ይታይዎት። መልእክቱን ቶሎ ማጥፋት ይቻላል፤ ያነበቡት ሰዎች ግን አንብበውታል።

በምርጫዬ፣ ክፍል ውስጥ ወረቀት፣ ከክፍል ውጭ ኪፕ። የቱንም ቢመርጡ ግን ከምርጫው የሚበልጠው ማራገፉ ነው። በቀኑ መጨረሻ፣ ከመምህራን ክፍል ከመውጣቴ በፊት፣ አሥር ደቂቃ ተቀምጬ የተያዘውን ሁሉ ወደየቦታው አዛውራለሁ። ቀጠሮው ወደ ቀን መቁጠሪያ፣ ተግባሩ ወደ ዝርዝር፣ ስለ ተማሪው የተጻፈው ወደ ተማሪ መከታተያ መዝገቡ ይሄዳል። ይህ ካልተደረገ ፈጣኑ መያዣ ጥቂት ቆይቶ የሚፈራ ክምር ይሆናል።

የተግባር ዝርዝር ወይስ የቀን መቁጠሪያ?

በአራት ክፍል አርባ አምስት አርባ አምስት ተማሪ አለኝ እንበል፤ 180 ደብተር ነው። አንዱን ለማረም ሦስት ደቂቃ ብቻ ቢወስድ 540 ደቂቃ፣ ማለትም ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። በተግባር ዝርዝር ላይ ይህ ሥራ “ደብተር ማረም” የሚል አንድ መስመር ነው። ከታችዋ “ለወላጅ መደወል” የምትል ሌላ መስመር አለች፤ አምስት ደቂቃ የምትወስድ። ሁለቱ መስመሮች በዓይን ሲታዩ እኩል ናቸው። ዝርዝር መምህርን የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። የሥራውን ስም እንጂ ክብደቱን አያሳይም።

የቀን መቁጠሪያ ግን ያንን ዘጠኝ ሰዓት የት እንደሚያስቀምጡት ይጠይቅዎታል። ማክሰኞ ሁለት ሰዓት፣ ረቡዕ ሁለት ሰዓት እያሉ ሲያስገቡት ሳምንቱ ሲሞላ ያዩታል፤ ሐሙስ ሌላ ፈተና ለመስጠት ያሰቡትን ወደ ቀጣዩ ሳምንት የሚያዛውሩት ያኔ ነው፣ ሥራው ከተከመረ በኋላ ሳይሆን። እኔ ለዚህ ብቻ ብዬ እንኳ የቀን መቁጠሪያን አስቀድማለሁ። በጣም ከተጨናነቁና አንድ መሣሪያ ብቻ ልያዝ ካሉ፣ እሱን ይያዙ።

ጉግል ካላንደርም የማይክሮሶፍቱ አውትሉክም ይህን በደንብ ይሠራሉ፤ ትምህርት ቤቱ ከሁለቱ አንዱን የሚጠቀም ከሆነ ያንኑ ይምረጡ፣ ለመከራከር የሚያበቃ ልዩነት የለም። አሠራሩ ላይ ግን ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ክፍለ ጊዜዎችዎን በየሳምንቱ የሚደጋገም ክስተት አድርገው ሲያስገቡ የሚያበቃበትን ቀን፣ የወሰነ ትምህርቱን የመጨረሻ ቀን፣ ይሙሉ፤ አለዚያ በዕረፍት ወራትም ስልክዎ በማለዳ መጮኹን አይተውም። ደግሞም የክፍለ ጊዜ ሰሌዳውን፣ የስብሰባውንና የግል ጉዳይዎን በተለያየ ቀለም በሦስት የቀን መቁጠሪያ ይለያዩዋቸው። ያኔ ለባልደረባ ማጋራት ቢያስፈልግ የግሉ ሳይታይ የክፍለ ጊዜው ብቻ ይሰጣል።

ከተግባር ዝርዝሮች መካከል ለብቻው ለሚሠራ መምህር የምመክረው ማይክሮሶፍት ቱዱን ነው። “የእኔ ቀን” የሚለው ገጹ በየማለዳው ባዶ ሆኖ ይጠብቃል፤ ትናንት ያልተሠራው ራሱ አይከመርም፣ በሐሳብ መልክ ይቀርብና ዛሬ ሊሠሩት የሚፈልጉትን እርስዎ ይመርጣሉ። ከዝርዝሩ ሃያ ነገር መካከል ዛሬ የሚቻለው አራት ነው ብሎ ማመን ለመምህር ትልቅ ዕረፍት ነው። ያለ በይነ መረብም ይሠራል። ጉግል ታስክስ ከዚህ ይበልጥ ቀላል ነው፤ ቀን የተሞላለት ተግባር በጉግል ካላንደር ላይ አብሮ መታየቱ ጠቀሜታው ነው። ቱዱኢስት የሦስቱ ጠንካራ ነው፤ “በየሰኞው” ብለው ሲጽፉለት ቀኑን ራሱ ተረድቶ ይሞላል። ይህን የሚያደርገው ግን በተወሰኑ ቋንቋዎች ሲጻፍለት ብቻ ስለሆነ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ቀኑን በእጁ መምረጥ ይኖርበታል። ነጻ ደረጃውም ከአምስት ፕሮጀክት በላይ አይፈቅድም፤ አራት ክፍልና አንድ ክበብ ያለው መምህር ወዲያው ይሞላዋል።

ትሬሎ የተለየ ጠባይ አለው። ሥራን በካርድ ጽፎ ከዓምድ ወደ ዓምድ ማሻገር ነው፤ ሐሳቡ ከጃፓኑ ቶዮታ ፋብሪካ የካንባን ካርዶች የመጣ ነው። ለተራው የመምህር ዕለታዊ ሥራ ይበዛል። በደረጃ ለሚሄድና ብዙ እጅ ለሚነካው ሥራ ግን እሱን የሚተካ አላገኘሁም። ፈተና እንዲህ ያለ ሥራ ነው፦ ይረቀቃል፣ ባልደረባ ያየዋል፣ ይታረማል፣ ይባዛል፣ ይሰጣል፣ ውጤቱ ይመዘገባል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ “የስምንተኛ ክፍሉ ፈተና የት ደረሰ?” ብላ በየሰው ስልክ መደወል ሳያስፈልጋት ሰሌዳውን አይታ ታውቃለች። በነጻው ደረጃ በአንድ የሥራ ቦታ እስከ አሥር ሰው ይካፈላል፤ ለአንድ የትምህርት ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ውጤት፦ እዚህ ላይ መቻኮል የለም

ከሁሉም ይበልጥ ጊዜ ሰጥቼ ላወራበት የምፈልገው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ስብሰባ የረሳ መምህር የሚጎዳው ራሱን ነው፣ ውጤት ያበላሸ መምህር ግን ልጅን ይጎዳል።

በአንድ የወሰነ ትምህርት መጨረሻ፣ ሮስተር ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የተማሪዎቹን ውጤት ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ ልይ ብዬ በኮምፒውተሩ ሰንጠረዥ ላይ የድምሩን ዓምድ ብቻ መርጬ አስደረደርኩት። ፕሮግራሙ ቀጥሎ ያለውንም ልጨምር ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ ሳላነብ አለፍኩት። ቁጥሮቹ ተደረደሩ፣ ስሞቹ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። በአንድ አፍታ የእያንዳንዱ ልጅ ውጤት የሌላ ልጅ ሆነ። ያዳነኝ አንድ ነገር ነው፦ ዘወትር ዝም የምትል፣ ስሟ በዝርዝሩ ከላይ ሦስተኛ የነበረ አንዲት ተማሪ 97 አግኝታ አየሁ። በጣም ደስ አለኝ፤ ደብተሯን አውጥቼ ሳመሳክር ግን ውጤቷ 61 ነበር። ያን ማታ ሁሉንም ከወረቀት ላይ እንደገና አስገባሁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ይኸው ነው፤ የእኔ ግን ባላስተውለው ኖሮ ለቃሚም አይኖረውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው ሥርዓት አለኝ፣ በኤክሴልም በጉግል ሺትስም በነጻው ሊብሬኦፊስ ካልክም እኩል ይሠራል። የመጀመሪያው ዓምድ የተማሪው መለያ ቁጥር ነው፤ ስም ይመሳሰላል፣ ቁጥር ግን አይመሳሰልም። የስሙ ዓምድና የርእሱ ረድፍ እንዳይንሸራተቱ ይታሰራሉ፤ ወደ ቀኝ ርቄ ስሄድም የማንን ውጤት እያስገባሁ እንደሆነ አያለሁ። ከአሥር ለሚያዝ ፈተና ከአሥር በላይ ቁጥር እንዳይቀበል አስቀድሜ ደንብ እሰጠዋለሁ፤ 8 ለማለት 88 ብነካ እምቢ ይለኛል። የድምር ቀመር ያለባቸውን ሕዋሶች፣ ማለትም የሰንጠረዡን ሳጥኖች፣ እቆልፋለሁ።

ብዙዎቻችን ሳናውቅ የምንበድልበት ሌላ ነገር አለ። ባዶ ሕዋስና ዜሮ በሰንጠረዥ ዓለም አንድ አይደሉም። አማካይ የሚያወጣው ቀመር ባዶውን ይዘለዋል፣ ዜሮውን ግን ይቆጥረዋል። ሁለት ፈተና ወስዳ 8 እና 9 ያገኘች፣ ሦስተኛው ቀን ግን ታማ የቀረች ተማሪ ሕዋሷ ባዶ ከሆነ አማካይዋ 8.5 ነው፤ ዜሮ ከተጻፈባት 5.67 ይሆናል። በተቃራኒው፣ ያለ ምክንያት ያልተፈተነ ልጅ ሕዋሱ ባዶ ከቀረ ሳይፈተን ይጠቀማል። ስለዚህ ባዶ ማለት “ገና አልተፈተነም” ማለት እንደሆነ ወስኜ፣ ምክንያቱን ደግሞ በጎኑ ባለ የማስታወሻ ዓምድ እጽፋለሁ።

ከሦስቱ የትኛው? በይነ መረብ የማይቋረጥበት ቦታ ካሉ ጉግል ሺትስን እመርጣለሁ፤ የለውጥ ታሪክ ስለሚያስቀምጥ ከላይ የነገርኩት ዓይነት ጥፋት ቢደርስ ፋይሉን ወደ ትናንትናው መልኩ መመለስ ይቻላል። ግንኙነቱ የሚቆራረጥ ከሆነ ኤክሴል ወይም ካልክ፤ ነገር ግን በየሳምንቱ ዓርብ ፋይሉን በአዲስ ስም ማስቀመጥ ግዴታ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል።

ለመምህራን ተብለው የተሠሩ የውጤት መዝገብ መተግበሪያዎችም አሉ። ለምሳሌ አይዶሴዎ መቅረትን፣ ውጤትንና የመቀመጫ ሥዕልን በአንድ ላይ ይይዛል፤ የሚሠራው ግን በአፕል መሣሪያዎች ብቻ ነው። እንዲህ ያሉት ምቹ ናቸው፤ ከመግዛትዎ በፊት ግን መረጃውን በሰንጠረዥ መልክ ማውጣት ይፈቅዱ እንደሆነ ያረጋግጡ። ጉግል ክላስሩምና ሙድል ደግሞ ከመዝገብ ያለፉ ናቸው፤ ተማሪው ራሱ ገብቶ ሥራውን የሚያስረክብባቸው መድረኮች ናቸው። ክላስሩም እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሲሆን ለመጀመር ቀላል ነው። ሙድል እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ያለ፣ ትምህርት ቤቱ በራሱ ሰርቨር ላይ ሊጭነው የሚችል፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው፤ በምላሹ የሚንከባከበው ባለሙያ ይፈልጋል። ሁለቱም የሚረዱት ተማሪዎቹ መሣሪያና ግንኙነት ሲኖራቸው ነው። ግማሹ ክፍል የሌለው ከሆነ መምህሩ የወረቀቱንም የዲጂታሉንም በእጥፍ ይሠራል፣ ሥራው ይባስ ይበዛበታል እንጂ አይቀልለትም።

የማስተማሪያ ጽሑፍ የት ይቀመጥ?

እዚህ ላይ የማምነው ብዙዎች እንደ ኋላ ቀር የሚያዩትን ነው፦ ተራ አቃፊ። ክፍል፣ በውስጡ ምዕራፍ፣ በውስጡ ፋይል። የፋይሉ ስም በቀን ይጀምራል፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል፣ ለምሳሌ 2025-03-14 ተብሎ ከተጻፈ ኮምፒውተሩ በስም ሲደረድረው በጊዜም ተደርድሮ ይገኛል። “የመጨረሻ”፣ “የመጨረሻ አዲስ”፣ “እውነተኛው የመጨረሻ” በሚሉ ፋይሎች መካከል የተንከራተተ ሰው ጥቅሙን ያውቀዋል። ቅጂው በጉግል ድራይቭ ከሆነ ነጻው ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፤ ኢሜይልና ፎቶም ከዚያው ላይ እንደሚቀነሱ አይርሱ። የማይክሮሶፍቱ ዋንድራይቭ በነጻ 5 ጊጋባይት ይሰጣል። ለጽሑፍ ፋይል ሁለቱም ሰፊ ናቸው፤ ቪዲዮ የሚያስቀምጥ ሰው ግን ቶሎ ይጠበዋል።

የማይክሮሶፍቱ የማስታወሻ መተግበሪያ ዋንኖት፣ ደብተር ለሚወዱ ነው። ገጹ ላይ የትም መጻፍ፣ በብዕር መሣል፣ ፎቶ መለጠፍ ይቻላል። “የክፍል ደብተር” የሚባለው ክፍሉ በሦስት የተከፈለ ነው፦ ሁሉም አብረው የሚሠሩበት፣ መምህሩ ጽሑፍ የሚያስቀምጥበትና ተማሪዎች የሚያነቡት፣ እንዲሁም የየተማሪው የግል ደብተር። ሒሳብና ሳይንስ ለሚያስተምር፣ ብዕር የሚቀበል መሣሪያም ላለው መምህር ከሌሎቹ ሁሉ ይሻላል።

ኖሽን ያምራል። ዕቅዱን፣ ሰንጠረዡን፣ ማስታወሻውን አያይዞ ያሳያል። ነገር ግን ኖሽንን አስተካክሎ መሥራት ራሱ አንድ ሥራ ነው፤ ዕቅዱን ለመጻፍ ሳይሆን ዕቅዱ የሚጻፍበትን ገጽ ለማሳመር ሁለት ምሽት ያሳለፉ ባልደረቦች አውቃለሁ። ገጾችን ያለ በይነ መረብ ለመጠቀም የሚያስችለውን አሠራር ያገኘውም እ.ኤ.አ. በ2025 ነው፤ ለዚህም ገጾቹን አስቀድሞ በመሣሪያው ላይ እንዲቀመጡ ማድረግ ያስፈልጋል። ጊዜውና ፍላጎቱ ካለዎት በዕረፍት ወራት ይሞክሩት።

እዚህ ጋር፣ መጀመሪያ ካነሣኋቸው ሁለት ጥያቄዎች ላይ ሦስተኛ ልጨምር፦ ስወጣ ይዤ መውጣት እችላለሁ? ኤቨርኖት ለብዙ ዓመታት የማስታወሻ መተግበሪያዎች ሁሉ አውራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ነጻ ደረጃውን በ50 ማስታወሻና በአንድ ደብተር ወሰነው። ውንደርሊስት የተባለውም ተወዳጅ የተግባር ዝርዝር ማይክሮሶፍት ከገዛው በኋላ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ተዘጋ። ባለቤቶቹ መብታቸው ነው፤ የእኛ ድርሻ ንብረታችን በእነርሱ ውሳኔ ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል ማድረግ ነው። ኦብሲዲያን የተባለው የማስታወሻ መተግበሪያ በዚህ በኩል ያስመሰግናል፤ ጽሑፉን በራስዎ መሣሪያ ላይ በተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሚያስቀምጥ መተግበሪያው ነገ ቢጠፋም ጽሑፉ ይከፈታል። ብዙ ለሚጽፍ መምህር እመክረዋለሁ፤ ሰንጠረዥና ሥዕል ለሚያበዛ ግን አይመችም።

የተማሪው ምስጢር

ፕሮጀክተሩን ከስልኬ ወይም ከኮምፒውተሬ ጋር ሳገናኝ አስቀድሜ ማሳወቂያዎችን ሁሉ እዘጋለሁ። በሰሌዳው ስፋት ላይ የአንድ ልጅ እናት የላከችው መልእክት ብቅ ቢል ያ ልጅ የቀረውን ክፍለ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያሳልፈው። እንደዚሁም የባሕርይና የጤና ማስታወሻ ላይ ሙሉ ስም አልጽፍም፤ መለያ ቁጥሩን ብቻ እጽፋለሁ፣ ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝር ደግሞ በሌላ ፋይል አለ። ስልኩ ይቆለፋል፣ ኢሜይሉም ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቅ) ይኖረዋል። ሰንጠረዥ ሲያጋሩ “አገናኙን ያገኘ ሁሉ” የሚለውን ምርጫ አይንኩ፤ በስም ለተጠቀሰ ሰው ብቻ ያጋሩ። አንድ መተግበሪያ ይህን ካልፈቀደ ሌላው ጥሩ ጎኑ አያስፈልገኝም።

እንግዲህ ማን ምን ይያዝ?

አንድ ስልክ ብቻ ያለው፣ ግንኙነቱም የሚቆራረጥበት መምህር የኪስ ማስታወሻ፣ በስልኩ ያለውን የቀን መቁጠሪያና ማይክሮሶፍት ቱዱን ይያዝ፤ ውጤቱን በወረቀት መዝግቦ፣ በሳምንት አንድ ቀን ኮምፒውተር ባገኘበት ሰዓት ወደ ካልክ ያስገባ። ትምህርት ቤቱ በጉግል አገልግሎት ለሚሠራ መምህር ካላንደር፣ ኪፕ፣ ታስክስና ሺትስ እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ ሌላ መፈለግ ድካም ነው። በማይክሮሶፍት ለሚሠራም እንዲሁ፤ አውትሉክ፣ ቱዱ፣ ዋንኖትና ኤክሴል ይበቁታል። የትምህርት ክፍል ኃላፊ ከሆኑ በዚህ ላይ ትሬሎን ይጨምሩ። ከዚህ በላይ ግን አይሂዱ።

የሚጀምሩበትን ጊዜም ይምረጡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በፈተና ሳምንት የተጀመረ አዲስ ሥርዓት እስከ ሚቀጥለው ሳምንት አይዘልቅም። በወሰነ ትምህርቱ መግቢያ፣ አንዱን መሣሪያ ብቻ፣ ያውም ያመለጠዎትን ሲመዘግቡ ከሁሉም ደጋግሞ በወጣው ጉዳይ ይጀምሩ። ሁለተኛውን ከሦስት ሳምንት በኋላ ይጨምሩ።

በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ግማሽ ቀን ይመድቡ። ሰንጠረዦቹን በፒ.ዲ.ኤፍ. እና በተራ ሰንጠረዥ ፋይል አውጥተው አንዱን ቅጂ ለትምህርት ቤቱ ይስጡ፣ አንዱን ከኮምፒውተርዎ ውጭ በሚቀመጥ ዲስክ ላይ ያኑሩ። የማስተማሪያ ጽሑፎቹን ለቀጣዩ ዓመት ያስተላልፉ። የተማሪዎቹን የጤናና የባሕርይ ማስታወሻ ግን ከስልክዎም ከደመናውም (በበይነ መረብ ላይ ካለው ማከማቻ) ያጥፉት፣ የጠፉ ፋይሎች የሚጠራቀሙበትን ቅርጫትም ባዶ ያድርጉት፤ በሚቀጥለው ዓመት ያ ልጅ ሌላ መምህር ፊት አዲስ ሆኖ ይቀርባል።